የባሕር ኃይሉ ገንዘብ የሐሳብ ሽልማት አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ሙያዬ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቀለም ሳይፋቅ ከሥሩ ያለውን ዝገት በድምፅ ሞገድ የሚለይ ትንሽ መሣሪያ ጋራዥ ውስጥ ሠርተናል። ድርሻችን እኩል ለእኩል ነው። ጓደኛዬ ጥገኝነት የተፈቀደለት በቅርቡ ነው። ሶፍትዌሩን የሚጽፍልን አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው። ዱባይ የሚኖር አጎቴም ገንዘብ ላስገባ ብሏል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለትናንሽ ኩባንያዎች ገንዘብ ይሰጣል ሲባል ሰማሁ። ብድር ነው ስጦታ? ሥራዬን ሳልለቅ ማመልከት እችላለሁ? ሐሳባችንን ቢወስዱብንስ? አንድ አማካሪ 3 ሺህ ዶላር፣ ካሸነፍን ደግሞ 10 በመቶ ጠይቆናል።»

ሰላም ወንድም፤

ቶሎ ገንዘብ የሚያስወጣችሁ አማካሪው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር፦ ገና አትፈርሙ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግርሃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ብድር ነው ስጦታ ላልከው፣ ሁለቱም አይደለም፤ የሥራ ውል ነው። ፕሮግራሙ የትናንሽ ኩባንያዎች የፈጠራ ምርምር ነው፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤስ.ቢ.አይ.አር. ይባላል፤ በሙያው ያሉት «ሲበር» ይሉታል። ለእኛ ጆሮ የሚበር ነገር ቢመስልም አካሄዱ የኤሊ ነው። ያቋቋመው ፕሬዚዳንት ሬገን በ1982 የፈረሙት ሕግ ነው። ከመሥሪያ ቤታቸው ውጭ ለሚሠራ ምርምር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚመድቡ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከዚሁ በጀት 3.2 በመቶውን ለትናንሽ ኩባንያዎች እንዲለዩ ሕጉ ያስገድዳል። ከሁሉም ትልቁ ድርሻ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ነው፤ በዚያ ሥር ባሕር ኃይሉ የራሱን ችግሮች ዘርዝሮ ጥሪ ያወጣል። አክሲዮን አይወስዱባችሁም፤ ገንዘቡንም መልሱ አይሏችሁም። እናንተ ግን በተፈረመው ቀን ሪፖርትና ውጤት ማስረከብ አለባችሁ።

ሦስት ደረጃ አለው። እንግሊዝኛውን እንዳለ እንዳልጽፈው «ፌዝ» በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ ወዳጄ «ፌዝ ዋን አለፍኩ!» ብሎ እናቱ ጋ ቢደውል፣ «ደግሞ ማን ነው የሚያፌዝብህ?» አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ሐሳቡ ይሆናል አይሆንም የሚለው ይፈተሻል። በቅርብ ዓመታት የባሕር ኃይሉ ጥሪዎች ለዚህ ለስድስት ወር እስከ 140 ሺህ ዶላር ይመድባሉ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው መሸጋገሪያ የሚሆን እስከ 100 ሺህ ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ አማራጭ አለ። በሁለተኛው ደረጃ ናሙናው ይሠራል፤ የገንዘቡም መጠን ከፍ ይላል። በሦስተኛው ደረጃ ከፕሮግራሙ ኪስ አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ ትልቁ ጉዳይ ግን እዚያ ነው ያለው።

አብዛኛው ኢንጂነር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እናንተ መሣሪያ ሠርታችሁ ገዥ ትፈልጋላችሁ፤ ባሕር ኃይሉ ደግሞ ችግሩን ጽፎ ሠሪ ይፈልጋል። ችግሩ የሚጻፍበት ወረቀት ቶፒክ ይባላል። ቁጥር አለው፦ መጀመሪያ ባሕር ኃይሉን የሚያመለክት «ኤን» የሚል ፊደል፣ ቀጥለው ዓመቱን የሚነግሩ ሁለት አኃዞች፣ ከዚያ የዙሩ ቁጥር። ከሥሩ ዓላማው፣ ዝርዝሩ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚጠበቀው ሥራ ይጻፋል። የማመልከቻህ ቴክኒካዊ ክፍል ከ10 ገጽ አይበልጥም። እኔ የመጀመሪያውን ሳመለክት ከአሥሩ ሰባቱን ስለ ራሴ ፈጠራ ግሩምነት ጽፌበት ነበር። ውድቅ ሲደረግ የመጣው አስተያየት ባጭሩ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የጠየቅነውን ግን አልመለሰም» ይላል። ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ። ከዚያ ቶፒኩን መልሼ ሳነበው እውነታቸውን ነበር።

የእናንተን ነገር እንይ። ዝገት ስትል የብረት ዝገት ማለትህ ነው። ባሕር ኃይሉን ለዓመታት ሲያስጨንቅ የኖረው ሌላም አለ። ታይኮንዴሮጋ የሚባሉት የጦር መርከቦች የላይኛው አካላቸው አሉሚኒየም ነው፤ በባሕር ዳርቻ አካባቢ እንዲዋጉ ከተሠሩት መርከቦች ኢንዲፔንደንስ የሚባሉት ደግሞ ቀፎአቸው ራሱ አሉሚኒየም ነው። ማግኒዚየም በብዛት የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ለዓመታት ፀሐይ ሲያሞቀው ማግኒዚየሙ በብረቱ ቅንጣቶች ድንበር ላይ ይሰበሰባል፤ ጨዋማው ውሃ ያንን ድንበር ይበላል፤ በመጨረሻ ስንጥቅ ይመጣል። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ ደህና ነው። መሣሪያችሁ ይህን ያያል ወይስ የብረት ሳህን መሳሳት ብቻ ነው የሚለካው? ቶፒኩ አንደኛውን ጠይቆ እናንተ ሁለተኛውን ብታቀርቡ የጋራዡ ልፋት አያድናችሁም።

ለዚህ መድኃኒቱ ስልክ ነው። ቶፒኮቹ ጥሪው በይፋ ከመከፈቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ አስቀድመው ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ ቶፒኩን የጻፈውን ባለሙያ በቀጥታ ማነጋገር ይፈቀዳል፤ ስሙና ስልኩ እዚያው ተጽፏል። ጥሪው በተከፈተ ቀን በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ፣ ማመልከቻው በሚገባበት ድረ ገጽ (በፖርታሉ) ብቻ ነው፤ መልሱንም ተፎካካሪህ ያነበዋል። እኛ አበሾች በዚህ ላይ ይሉኝታ ይዞን እንቀራለን፤ «ባለሥልጣን ጋ ምን ብዬ ልደውል» እንላለን። ደውል። አንድ ጊዜ የመርከብ ታንክ ውስጥ ስለሚገባ መለኪያ አንዱን አነጋግሬ ነበር። በወረቀቴ ላይ ስለ ትልቁና ስለ ባለ ቀለሙ ስክሪን ብዙ ጽፌያለሁ። ሰውዬው አዳምጦኝ ሲያበቃ ምን አለኝ? «ታንኩ ውስጥ የሚገባው መርከበኛ ጓንት አድርጓል፤ አንዱ እጁ መሰላሉን ይዟል፤ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዟል። ስክሪንህን በየትኛው እጁ ነው የሚይዘው?» ያን ማታ ስክሪኑን አውጥቼ ጣልኩት፤ ደረት ላይ የሚታሰርና በድምፅ የሚናገር አደረግነው። እሱን ወረቀት አነበቡልኝ።

ደግሞም እናንተ ሩቅ አይደላችሁም። የባሕር ኃይሉ የምርምር ቢሮ አርሊንግተን ነው፤ የመርከቦቹ ሥርዓት ዕዝ ዋሽንግተን ኔቪ ያርድ ነው፤ የአውሮፕላኖቹ ፓተክሰንት ሪቨር ነው። መርከብ በሞዴል የሚፈተንበት የዴቪድ ቴይለር ገንዳ ያለው ካርደሮክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። እንጀራ የምንገዛበት ሰፈርና መርከብ የሚፈተንበት ገንዳ በአንድ ካውንቲ ናቸው።

ወደ ቤተሰቡ ልምጣ፤ የእናንተ ችግር ዋናው እዚህ ነው።

ኩባንያው ለትርፍ የተቋቋመና አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ሠራተኛው ከ500 ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ይህ አያሳስባችሁም። የሚያሳስባችሁ ባለቤትነቱ ነው። ከ50 በመቶ በላይ የሆነው ድርሻ በአሜሪካ ዜጎች ወይም ግሪን ካርድ ባላቸው ሰዎች እጅና ቁጥጥር መሆን አለበት። «ከ50 በላይ» የሚለውን አስምርበት። አንተ ትቆጠራለህ። ጓደኛህ ግሪን ካርዱ እስኪደርስ ድረስ ለዚህ ስሌት አይቆጠርም። ስለዚህ እኩል ለእኩል ከሆናችሁ ሃምሳ ላይ ቆማችኋል፤ ወደቃችሁ። ወዳጅነታችሁን የሚያሻክር ወሬ ቢሆንም ዛሬ ተነጋገሩበት፤ ድርሻህ ቢያንስ 51 ይሁን፤ የእሱ ካርድ ሲመጣ በጽሑፍ ታስተካክላላችሁ።

ይህ ሲባል ጓደኛህ ሥራው ላይ እጁን ማስገባት አይችልም ማለት አይደለም። የጦር መሣሪያና የመከላከያ ቴክኖሎጂን ወደ ውጭ መላክ የሚቆጣጠረው ሕግ «አይታር» ይባላል። እሱ «የአሜሪካ ሰው» ብሎ የሚቆጥረው ዜጋውንና ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ ሳይሆን ጥገኝነት የተሰጠውንም ነው። ስለዚህ ጓደኛህ በባለቤትነት ስሌት ውጭ፣ በአይታር ስሌት ውስጥ ነው። ሁለቱን እያምታቱ ሲከራከሩ ያየኋቸው የሕግ ሰዎችም አሉ። የምሥጢር ፈቃድ ግን ለዜጋ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ቶፒክ «ሁለተኛው ደረጃ ምሥጢራዊ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ እንዲህ ያለውን ለጊዜው እለፉት።

ወንድምህን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርህ፦ አይሆንም። በዚህ ገንዘብ የሚሠራው ምርምር አሜሪካ ውስጥ መሠራት አለበት፤ ልዩ ፈቃድ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ቶፒኩ አይታር የሚመለከተው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከውል ወደ ወንጀል ይሄዳል። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 2021፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ የአይታር ልዩ ገደብ ከተጣለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ነበር፤ ዛሬም እዚያ መሆኗን ከዝርዝሩ አጣሩ። ፋይሉን በቴሌግራም መላክ፣ በቪዲዮ ስልክ ስክሪን ማሳየት፣ ለገና አገር ቤት ስትሄድ ላፕቶፑን ይዞ መሄድ፣ ሁሉም «ወደ ውጭ መላክ» ይባላል። እዚህ አሜሪካ ውስጥ በተማሪ ቪዛ ላለ የአክስት ልጅ ማሳየትም ያው ነው። እስካሁን የጻፈላችሁን ሶፍትዌር ግን መጣል የለባችሁም። መብቱን ለኩባንያው ማስተላለፉን የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ ይላክ፤ ማመልከቻው ላይም ማን እንደጻፈው በግልጽ አሳውቁ። የመደበቅ ነገር እንዳይታሰብ። ከዚህ በኋላ ወንድምህ ድረ ገጻችሁን ይሥራ።

አጎትህ ትንሽ ድርሻ ቢይዝ የባለቤትነቱ ስሌት አይፈርስም። ግን ከማመልከቻው ክፍሎች አንዱ የውጭ ግንኙነት መግለጫ ነው፤ ከውጭ የገባን ገንዘብ ይጠይቃል። ሕጉ አሳሳቢ ብሎ በስም የጠራቸው አገሮች ቻይና፣ ሩሲያ፣ ኢራንና ሰሜን ኮሪያ ናቸው፤ ዱባይ እዚያ ውስጥ የለችም። ሆኖም ኋላ የምሥጢር ፈቃድ ብትፈልጉ ለውጭ ሰው ያለባችሁ ዕዳ ሳይቀር ይጠየቃል። የእኔ ምክር፣ አጎትህን አመስግነህ የመጀመሪያው ደረጃ እስኪያልቅ አቆየው። እስከዚያ በዕቁብ ተወጡት፤ የሜሪላንድ ዕቁብ የስንቱን ታክሲና ምግብ ቤት መነሻ ሆኗል፤ ለአንድ የድምፅ ሞገድ መመርመሪያ አያንስም።

ሥራ ሳልለቅ ላልከው፣ ማመልከት ትችላለህ፤ የምርምሩ ዋና ኃላፊ ሆኖ ውሉን እየሠሩ ሌላ ቦታ ሙሉ ጊዜ መቀጠር ግን አይቻልም። የምርምሩ ዋና ኃላፊ ውሉ ሲፈረምና ሥራው ሲካሄድ ከግማሽ በላይ የሥራ ጊዜው በትንሹ ኩባንያ መሆን አለበት። «ሌሊት እሠራዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ሐሰት ከሆነ ፌዴራል ማጭበርበር ነው። ከሁለታችሁ ማን ሥራ ሊለቅ እንደሚችል ተመካከሩ፤ እሱ ኃላፊ ይሁን። ሌላው መንገድ «ኤስ.ቲ.ቲ.አር.» የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ነው። እዚያ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ትጣመራላችሁ፤ ቢያንስ 40 በመቶውን ሥራ እናንተ፣ ቢያንስ 30 በመቶውን ዩኒቨርሲቲው ይሠራል፤ ኃላፊውም የዩኒቨርሲቲው ሰው ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ አሁን ካለህበት መሥሪያ ቤት ስትቀጠር የፈረምከውን ወረቀት አውጥተህ አንብበው። «በሥራ ዘመንህ የፈጠርከው ሁሉ የኛ ነው» የሚል አንቀጽ ካለበት መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ሂድ።

ሐሳባችንን ይወስዱብናል የሚለው ፍርሃት የአበሻ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ይፈራል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ፕሮግራም ያለው ጥበቃ ሌላ ቦታ የሚገኝ አይደለም። በውሉ ውስጥ ያመነጫችሁትን ቴክኒካዊ መረጃና ሶፍትዌር መንግሥት ለራሱ ጉዳይ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለተፎካካሪያችሁ ግን ከውሉ ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ሊሰጠው አይችልም። ፓተንቱንም በእጃችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ፤ መንግሥት ያለ ክፍያ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይይዛል። አንድ ሁኔታ አለ፦ በምታስረክቡት ወረቀት ላይ በውሉ የተጻፈውን የመብት ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል ማተም። ምልክት ሳይደረግበት የተላከ ሪፖርት ገደብ እንደሌለበት ይቆጠራል። በፒ.ዲ.ኤፍ. ግርጌ ላይ ባልታተመ አንድ አንቀጽ የዓመታት ልፋት እንዴት እንደሚያመልጥ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ እንምጣ። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ደረጃ ከተሠራ ሥራ የመነጨ ነገር ለመግዛት የፈለገ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያለ አዲስ ጨረታ ከእናንተ መግዛት ይችላል፤ የገንዘብ ጣሪያም የለውም። ይህን በደንብ የተጠቀመበት ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ የነበረ ዲጂታል ሲስተም ሪሶርስስ የተባለ ኩባንያ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የሩሲያ ሰርጓጅ መርከቦች ድምፃቸው እየጠፋ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጀት ደግሞ እየተቆረጠ ነበር። ውሃ ውስጥ ድምፅ እየሰማ ሰርጓጅ የሚለየው መሣሪያ ሶናር ይባላል፤ የሶናሩ ኮምፒውተሮች ለጦር ብቻ የተሠሩ፣ ውድና ለመቀየር ዓመታት የሚፈጁ ናቸው። ይህ ትንሽ ኩባንያ በሲበር ገንዘብ የሠራው ሥርዓት ሶፍትዌሩ ከገበያ በሚገዛ ተራ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ አስቻለ፤ ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ሶፍትዌሩን እንደገና መጻፍ ቀረ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የሰርጓጆቹ ሶናር በዚህ መንገድ ተቀየረ። በ2003 ግዙፉ የጦር መሣሪያ አምራች ጄኔራል ዳይናሚክስ ኩባንያውን ገዛው። ልብ በል፣ ድምፅ የሚሰማ አዲስ ማይክሮፎን አልፈጠሩም፤ ባሕር ኃይሉ የጨነቀውን የዋጋና የጊዜ ችግር ነው የፈቱት።

ስለ ሒሳብ አያያዝ አጭር ነገር። የመጀመሪያው ደረጃ ዋጋው የተቆረጠ ነው፤ ሪፖርት ስታስገቡ ይከፈላችኋል፤ እስከዚያ የሚያቆያችሁ ገንዘብ ያዙ። በሁለተኛው ደረጃ ባሕር ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው ወጪን ከተወሰነ ትርፍ ጋር የሚመልስ ውል ስለሆነ የመከላከያ ኦዲተሮች መዝገባችሁን ያዩታል። የሥራ ሰዓት በየቀኑ ይመዘገባል፤ ባለቤቱም ጭምር። እኔ ዓርብ ማታ ተቀምጬ የሳምንቱን ሰዓት ከትዝታዬ እሞላ ነበር። አንድ ቀን ኦዲተሯ ወረቀቱን ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አስተያይታ «አምስቱንም ቀን በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፍከው» አለችኝ። መካድ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምሞላው። ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ የመከላከያ ውሎች የሳይበር ጥበቃ ደረጃን እየጠየቁ ነው፤ የመጀመሪያው እርከን ራስህ ፈትሸህ የምታረጋግጣቸው 15 ነገሮች ነው፤ ጥብቅ መረጃ ከያዛችሁ ግን ወደ 110 ይወጣል። የቤተሰብ ላፕቶፕና የልጆች ጨዋታ ያለበት ኮምፒውተር አይሆንም።

አሁን አማካሪው። የፌዴራል ውሎች ውስጥ ሥራውን ለማስገኘት በኮሚሽን ደላላ አልቀጠርኩም ብሎ ሻጩ የሚያረጋግጥበት አንቀጽ አለ። «ካሸነፋችሁ 10 በመቶ» የሚለው ሰውዬ ያንን አንቀጽ አያውቅም፤ ካወቀም ደብቋችኋል። ለጽሕፈት እርዳታ በሰዓት የሚከፈል ባለሙያ መያዝ ነውር የለውም። ግን ከዚያ በፊት በየስቴቱ ያሉትን አፔክስ አክሰለሬተር የተባሉ ቢሮዎች ጎብኙ፤ በመከላከያ ሚኒስቴሩ የሚደገፉና በነጻ የሚያገለግሉ ናቸው። ካሸነፋችሁ ሕጉ ራሱ በመጀመሪያው ደረጃ እስከ 6,500 ዶላር ለንግድ ምክር እንድትጠይቁ ይፈቅዳል። «ሳም» በሚባለው የመንግሥት መዝገብ መመዝገብም ነጻ ነው። በተመዘገባችሁ ማግስት ስልካችሁ ይጮኻል፤ መንግሥት የሚመስል ኢሜይል ይመጣል፤ «ምዝገባዎ ሊያበቃ ነው፣ 600 ዶላር ይክፈሉ» ይላል። ዝጉት። ምዝገባው ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ግን ቶፒክ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ነገውኑ ጀምሩ፤ በየዓመቱም አድሱት።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ ሕጉ የዘላለም አይደለም፤ ምክር ቤቱ በየጊዜው ያድሰዋል። በ2022 የታደሰው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሳይታደስ አለፈና አዲስ ጥሪ ቆመ። ስለዚህ ፖርታሉ ላይ የተከፈተ ጥሪ በዓይንህ ሳታይ የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳትጽፍ።

እኔን ደግሞ አንድ ነገር መልስልኝ። መሣሪያችሁን የሞከራችሁት በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ብቻ ነው ወይስ ብየዳ ባለበት፣ ቀለሙ አራት አምስት ጊዜ በተደራረበበት ላይም? ባለፈው የለካችሁትን አንድ ሥዕል ላክልኝ፤ ሥዕሉን ካየሁ የትኛውን ቶፒክ መጠበቅ እንዳለባችሁ መገመት እችላለሁ።